ወንበሩ አብሮኝ ተነሳ

ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ፣ በተማርኩበት ሃይስኩል ኮሪደር ላይ፣ ከስፖርት አዳራሹ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ሁለቱም የአንድ ቲያትር፣ የአንድ ትዕይንት ፎቶ ናቸው። የመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ገና አዲስ ሳለ፣ ቴሌቪዥንም ብርቅ በነበረበት ዘመን የተነሳ። አንድ ቤተሰብ ቴሌቪዥን ከቦ ተቀምጧል፤ በሩ ላይ ሻንጣ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሁለተኛው ባለቀለም ነው። እዚያኛው ላይ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ የተቀመጡት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። በስተግራ በኩል ወንበር ከወገቧ የተንጠለጠለባት ልጅ እኔ ነኝ።

በዚያ የሚያልፉ ወላጆች ያቺን ልጅ አይተው ሲስቁ አጋጥሞኛል። ይሳቁ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያ ወንበር ምን እንዳስገኘልኝ ግን አያውቁም፤ ለዚህ ነው ልጻፈው ያልኩት።

አሜሪካ የመጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አባባ ቀድመውን መጥተው ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር፣ ኮልፋክስ ጎዳና ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው ለዓመታት ብቻቸውን ኖረዋል። አውሮራ አፓርታማ የያዙት እኛ ስንመጣ ነው። ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለ መኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹትል ይነዱ ነበር። እማዬ ደግሞ እንግልውድ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገባች። አባባ ያገቡት ዘግይተው ስለነበር እኔ ሳውቃቸው ጀምሮ ፀጉራቸው ነጭ ነው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እሳቸው ሲገቡ ቤት ያለው ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። እሳቸውም «በእግዜር! በእግዜር!» እያሉ በእጃቸው መልሰው ያስቀምጡታል። ትልቅ ሰው ሲገባ መነሳትን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከመራመድ ጋር አብሮ የመጣ ነገር ነው።

እዚህ ግን ሹትላቸው ውስጥ የሚገባውም የሚወጣውም ስልኩን እያየ ነው። ሕፃን ሆኖ የመጣው ታናሽ ወንድሜ እንኳ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ እግሩን ሳይሰበስብ፣ «ሃይ ዳድ» ይላቸዋል። አባባ አይቆጡትም። ጫማቸውን አውልቀው ዝም ብለው ወደ መኝታ ቤት ይገባሉ። ያ ዝምታቸው ከቁጣ የባሰ ያበግነኝ ስለነበር ወንድሜን ስንት ጊዜ በኩርኩም ብዬዋለሁ።

ቲያትር ክበብ የገባሁት ወድጄ አይደለም። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ «አፍሽን አትከፍቺም፤ አንድ ክበብ ውስጥ ግቢ» አለችኝ። ቼዝ አፍ አያስከፍትም፣ የሒሳብ ክበብ ሞልቷል፣ የቀረው ቲያትር ነበር። የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዳችን እንስሳ እንድንሆን ታዘዝን። እኔ በግ ደረሰኝ። የበዓል በግ በገመድ ሲጎተት እግሩን ተክሎ እንዴት እንደሚያስቸግር ስንቴ አይቻለሁ! እጅና እግሬን መሬት ላይ ተክዬ ሁለት ጎረምሶች ቢጎትቱኝ ንቅንቅ አልልም አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በእንግሊዝኛዬ የሳቁብኝ ብዙ ነበሩ፤ አስቤ በሠራሁት ነገር ሰው ሲስቅልኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ማን ያውጣኝ!

አባባ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ለማስመሰል ነው ባሕር የተሻገርሽው?» አሉኝ። እሳቸው የቆረጡልኝ ፋርማሲስትነትን ነበር። እማዬ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላ ጎን ሆነን ሳምንቱን ሙሉ ለመንናቸው። በመጨረሻ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«እሺ፣ ትሥራ። በፀደይ የሚያሳዩት ጊዜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ነውር ካየሁ ግን በዚያው ያበቃል።»

አባባ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ያ ክበብ በዚህ አገር የነበረኝ ብቸኛ የራሴ ቦታ እንደሆነ እሳቸው ከየት ያውቃሉ? እኔም አልነገርኳቸውም።

ክበቡ አንድ የቆየ ወግ አለው። በየፀደዩ፣ ከመድረኩ ጀርባ ካለው ቁም ሳጥን፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከተሠሩት ቲያትሮች አንዱ ወጥቶ እንደገና ይሠራል። ጽሑፎቹ በታይፕ የተመቱ ናቸው፤ ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። የዚያን ዓመት የወጣው አንድ የቀድሞ አስተማሪ የጻፈው ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የዴንቨር ቤተሰብ በሰፈሩ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ይገዛል። ሳሎኑ ይጠብባል። የአያትየው ትልቅ ወንበር ለማየት የሚመች ቦታ ላይ ስለነበር ልጃቸው ይወርሰዋል። ቀስ በቀስ አያትየው በገዛ ቤታቸው መቀመጫ ያጣሉ። መጨረሻ ላይ ወደ አረጋውያን ቤት ሊሄዱ ሻንጣቸውን ይዘው ይሰናበታሉ፤ ቤተሰቡ ግን ፕሮግራሙ እንዳያመልጠው ዓይኑን አይነቅልም። ይወጣሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል። ታሪኩን ለእማዬ ስነግራት «ይሄማ ቲያትር አይደለም፣ የኔ ሥራ ቦታ ነው» አለች።

እኔ ቴሌቪዥን ለማየት የምትመጣ የጎረቤት ልጅ ነበርኩ። ጥቂት ቃል አለኝ፤ ከዚያ ውጭ ሥራዬ መቀመጥ ነው። አያትየውን የሚጫወተው የክፍሌ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ነገር ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ፀጉሩ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሶ፣ ጎንበስ ብሎ ሲገባ፣ እኔ ብድግ!

«ለምን ተነሳሽ?» አለች የቲያትር አስተማሪያችን። ፀጉሯ ውስጥ ሁልጊዜ እርሳስ የምትሰካ፣ ረጅም፣ ትዕግሥቷ አጭር ሴት ናት።

«ሽማግሌ ገባ» አልኩ።

«ሽማግሌ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው።»

እውነቷን ነው። ይሄን ለጉልበቴ ማን ይንገረው? እንደገና ሠራነው፣ እንደገና ተነሳሁ። ልጁ በገባ ቁጥር እኔ ብድግ፣ እሷ «ስቶፕ!» ስትል ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ወደ ኮሪደሩ ይዛኝ ወጥታ ያንን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አሳየችኝ።

«እይው። የቲያትሩ ሐሳብ በሙሉ ማንም አለመነሳቱ ነው። አንቺ ከተነሳሽ ሰውየው ብቻውን አልቀረም፤ ታሪኩ ፈረሰ። መቀመጥ ካልቻልሽ ቦታውን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ።»

አመል ያወጣል ከመሀል የሚባለው ያን ቀን ገባኝ። እግሬን ከወንበሩ እግር ጋር ቆልፌ ሞከርኩ፤ ተነሳሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ፤ የጫማውን ኮቴ ሰምቼ ተነሳሁ። አያትየውን የሚጫወተው ልጅ ግራ ገብቶት ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ነገሩን አስረዳሁት። ኖር ማለት ይሄ ነው፣ የገባው ሰው ደግሞ በእግዜር ብሎ ይመልሳል አልኩት። በጣም ወደደው። ከዚያ ወዲያ ካፌቴሪያ ውስጥ ትሪውን ይዞ ሲመጣ እኔ «ኖር!» እለዋለሁ፤ እሱ በሌለ ጢሙ ላይ እጁን እየጎተተ «በእግዜር!» ይለኛል። የመጨረሻዋን «ር» እንደ አሜሪካኖቹ ምላሱን አጥፎ ሲላት ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

መላውን ያገኘችው አልባሳት የምትሠራው ሞንትቤሎ ሰፈር ያደገች ጓደኛችን ናት። የለበስኩት የድሮ ቀሚስ ከኋላው የሚታሰር ሰፊ መቀነት ነበረው። መርፌዋን አፏ ውስጥ ይዛ ዞረችኝ፤ ከዚያ መቀነቱን ከወንበሩ ድጋፍ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ልጁ ገባ። ጉልበቴ ተነሺ አለኝ፣ መቀነቱ ተቀመጪ አለኝ፤ መቀነቱ አሸነፈ። አስተማሪዋ ከፀጉሯ እርሳሱን አውጥታ አየር ላይ ወረወረችው። ቦታዬ ተረፈ።

ደስታዬ የቆየው እስከ ዋዜማው ድረስ ነው። ሐሙስ ማታ አባባ በሠርግ የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ሲያስተኩሱ ሳይ ድንገት ክው አልኩ። መጥተው የሚያዩት ምንድን ነው? ሽማግሌ ሻንጣ ይዞ ቆሞ፣ ልጃቸው ቁጭ ብላ! ከዚህ የበለጠ ነውር በእሳቸው መዝገብ የለም። ብነሳ አስተማሪዋ፣ ብቀመጥ አባባ። ለእማዬ በጆሮዋ ነገርኳት።

«ቲያትር እኮ ነው። አስረዳቸዋለሁ» አለች።

«መቼ?»

«መኪና ውስጥ።»

መኪና ውስጥ ግን አላስረዳቻቸውም። የቤተ ክርስቲያናችንን እናቶችና ሽማግሌዎች ጠርታ ስለነበር መኪናው ሞልቶ፣ ወሬው ደርቶ፣ ነገሩ ተረሳ።

በመጋረጃው ስንጥቅ አየኋቸው። ነጠላውና ሱፉ አራተኛውን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። አባባ መሐል ላይ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ፈታኝ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የአዳራሹ ወንበሮች ያኔ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ የተገጠሙ የእንጨት ወንበሮች ናቸው፤ ሰው ሲነሳ መቀመጫቸው «ቋ» ብሎ ይታጠፋል።

ቲያትሩ ሄደ። የኔን ቃላት ሳልደናቀፍ አልኳቸው። አራተኛው ረድፍ በቦታው ሳቀ፤ አባባ ብቻ አልሳቁም። የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ቴሌቪዥን ከበን ተቀምጠናል፣ መቀነቴ ታስሯል። በሩ ተከፈተ፣ ኮቴው ተሰማ፣ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ገባ። እኔ ተቀመጥኩ። የአባባን ዓይን ግንባሬ ላይ ይሰማኛል። በልቤ፣ በቃ፣ ቻው ቲያትር አልኩ።

ቋ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ መቀመጫ ታጠፈ። ቀና ስል አባባ ቆመዋል።

«ኖር!» አሉ።

እኛን ሊገሥጹ ይሁን ልማድ አስነስቷቸው፣ አላወቅኩም። ያ የሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው ነበር፤ አሜሪካ ከመጣን ሰምቼው አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የዳይሬክተር ድምፅ ደግሞ ከአፋፍም ያልፋል። ወዲያው አራተኛው ረድፍ በሙሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ቋ ቋ ቋ። እናቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ከኋላቸው ያሉት አሜሪካኖች የቲያትሩ አካል መስሏቸው ይሁን ተቀምጦ መቅረት አሳፍሯቸው፣ እነሱም ተነሱ። ረድፍ በረድፍ እየተነሳ አዳራሹ በሙሉ ቆመ።

እኔማ መቼ ተነሳሁ? አላውቅም። የማውቀው ወንበሩ አብሮኝ እንደተነሳ ነው። ከኋላዬ ተንጠልጥሎ፣ አንድ እግሩ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ጎኗን ወጋ አድርጎ፣ ጎብጬ ቆምኩ። ማንም አልሳቀም።

ልጁ በጽሑፉ መሠረት ወደ ጀርባችን እያየ መናገር ነበረበት። እሱ ግን ወደ አዳራሹ ዞረ። ሻንጣውን አስቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ፓውደሩ መብራቱ ውስጥ ቦነነ። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያች በታጠፈች «ር»፣

«በእግዜር!» አለ።

አራተኛው ረድፍ ላይ አንዲት እናት እልል አለች። አባባን አየኋቸው፤ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልጻፈውም። የቤቱን አባወራ የሚጫወተው ልጅ የወረሰውን ትልቁን ወንበር ለቅቆ ቆመ። ሚስቱ ቆመች፤ ልጆቹ ቆሙ። አንዷ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። አያትየው በዝግታ ሄደው፣ የገዛ ወንበራቸውን እጀታ ዳበስ አድርገው ተቀመጡ፤ ለመሰናበቻ የተጻፈውን ንግግር እዚያው ተቀምጠው ተናገሩት። ቃሉ አንድም አልተለወጠም። ግን አሁን የሚሄድ ሰው አልነበረም። መጋረጃ የሚስቡት ልጆች በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው ጠብቀው፣ ሲጨንቃቸው ለቀቁት። ጭብጨባው ከመጋረጃው ጀርባ እንደ በረዶ ዝናብ ጣሪያውን መታው። እኔ ወንበሬን አዝዬ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። የዓመቱን መጽሔት የሚያዘጋጀው ክበብ ያንን ፎቶ ያነሳው ቀደም ብሎ፣ መጋረጃው ሊወርድ ሲል ነው።

አስተማሪዋ ከኋላ በር ስትመጣ አየኋት። ፊቷ ነጭ ወረቀት ሆኗል፣ እርሳሷ እጇ ላይ ነው። በቀጥታ ወደ አባባ ሄደች። ላስተረጉም ተከተልኳት፤ ወንበሩን ግን ገና አልፈቱልኝም ነበር።

«ንገሪያቸው» አለችኝ፣ «ይሄን ቲያትር ለወራት አዘጋጅቼ፣ በአንድ ቃል አፈረሱብኝ።»

ነገርኳቸው። አባባ ኮፍያቸውን ጨበጡ።

«ደግሞ ጠይቂልኝ» አለች፣ «ነገም መምጣት ይችላሉ?»

ስነግራቸው አባባ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወንበሩን አዩ።

«ቅዳሜ ሥራ አለኝ በያት» አሉ።

እንግዶቹ ሌላ መኪና አግኝተው ስለነበር ስንመለስ እኛ ብቻ ነበርን። አባባ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ይነዳሉ። ወንድሜ እንኳ ስልኩን አላወጣም። ሃቫና መንገድ ላይ መብራት ሲይዘን አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያንን ልጅ በእግዜር ማለት ማን አስተማረው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ?»

«ታስሬ ነው።»

«ምን?»

«በመቀነት። አስቸገርኳቸውና ከወንበሩ ጋር አሰሩኝ። እምቢ ብዬ በየቀኑ ስነሳባቸው...»

እማዬ ሳቋን ልትይዝ ስትሞክር በአፍንጫዋ አመለጣት። ከዚያ አባባ ሳቁ። አባባ! ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩንባ እየተነፋባቸው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠርገው መኪናውን አስነሱ።

«አንዱ ብቻ ቢያውቀው ምን ዋጋ አለው» አሉ። «ለሌሎቹም አስተምሪያቸው። ሁሉም እስኪያውቁት ድረስ እዚያው ክበቡ ውስጥ ቆዪ።»

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ እንደሚገባ አልነገርኳቸውም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጥርሴ እስኪታይ ፈገግ አልኩ።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። አስተማሪዋ አዲሱን መጨረሻ በእርሳስ ጽፋ አመጣች፤ ወንበሩም እንደገና እንዲታሰርብኝ አዘዘች። እኔ በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሁሉንም ሰብስቤ ሁለቱን ቃላት አስጠናኋቸው፤ የሚነሳ ምን እንደሚል፣ የገባ ምን እንደሚመልስ። ግማሹ ፀጉሩን በፒን እያስያዘ፣ ግማሹ ጫማውን እያሰረ፣ ክፍሉ በኖርና በበእግዜር ተንጫጫ።

ልንጀምር ትንሽ ሲቀረን በሩ ተንኳኳ። አባባ ነበሩ። ፈረቃቸውን ለጓደኛቸው ለውጠው፣ ያንኑ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ እማዬ የላከችውን ድፎ ዳቦ በሁለት እጃቸው አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ክፍሉ ተነሳ። ፒኑ ተበተነ፣ አንድ ጫማ ብቻ ያደረገው በአንድ እግሩ ቆመ፣ ፓውደር ራሱ ላይ የነሰነሰው ከሁሉም ቀደመ።

«ኖር!» አሉ በአንድ ድምፅ።

አባባ መጀመሪያ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። ሌላ ሰው የመጣ መስሏቸው ነው። ማንም የለም። ዳቦውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ወደ ልጆቹ ተመለሱ።

«በእግዜር» አሉ። «በእግዜር፣ በእግዜር... ተቀመጡ፣ ልጆቼ፣ ተቀመጡ።»

እንዳያመለክቷቸው እጃቸው ዳቦ ይዟል። ተቀመጡ የሚለውን ቃል ደግሞ ልጆቹን አላስተማርኳቸውም ነበር። ስለዚህ ወንበር ተስቦላቸው፣ አባባ ራሳቸው እስኪቀመጡ ድረስ፣ ማንም አልተቀመጠም።